ማሽኑ አጠገብ የተባለ ይቅርታ

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሥራዬን «የቤት ሹፌር» ይላል። እኔ ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም። ሪያድ የገባሁት በሹፌር ቪዛ ይሁን እንጂ ውዬ የማመሸው ባዲዓ ሰፈር ውስጥ ባለ የአሉሚኒየም ወርሻ ነበር፤ በርና መስኮት እየቆረጥን የምንገጣጥምበት። ወርሻው የከፊሌ ነው፤ አገሩ ያስገባኝ፣ ወረቀቴ በስሙ የሆነ፣ ሲያሻው የሚያስወጣኝ ሰው ማለት ነው። ለድርጅት ሠራተኛ ከማስመጣት ለቤቱ ሹፌር ማስመጣት ቀሎት ነው እንዲህ ያደረገው። አብረውኝ ከሚሠሩት ሁለት ያገሬ ልጆች አንዱ በወረቀት አትክልተኛ፣ ሌላው የግመል ጠባቂ ነበሩ። ጠዋት ስንገናኝ «ግመሎችህ እንዴት አደሩ?» እያልን እንቀልድበታለን። ያኔ ነገሩ የሚያስቅ ይመስለን ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2013 መጨረሻ፣ ወረቀቱ ያልተስተካከለ የውጭ ሰው የሚታደንበት የፍተሻና የእስር ግርግር ገና ሳይበርድ፣ መቁረጫው ማሽን ቀኝ እጄን በላው። በዚያ እጄ ላይ ከአውራ ጣቴ በቀር የተረፈ ጣት የለኝም። የምላጩን መከለያ «ሥራ ያጓትታል» ብሎ ያስነቀለው ከፊሌ ራሱ ነው፤ ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ድምፄ ይለወጣል። ሹመይሲ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል በጨርቅ ጠቅልለው ያደረሱኝ ልጆቹ ናቸው። ከፊሌ ዘግይቶ መጣና አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ለሐኪሙ «ሹፌሬ ነው፤ ቤት ውስጥ የሣር ማጨጃ ሲነካካ ነው የቆረጠው» አለው። ይህን ሲናገር የሚያየው እኔን ነበር። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በአካል አየሁት። ሐኪሙም የተነገረውን ጻፈ፤ ምን ያድርግ።

ከሆስፒታል ስወጣ ዑድ ሰፈር ከልጆቹ ጋር ወደምንከራየው ክፍል ተመለስኩ። የሕንፃው ዘበኛ ያገራችን ሰው ናቸው፣ የወሎ ሰው፤ ሪያድ ጎረምሳ ሆነው ገብተው እዚያው የሸበቱ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ማስታረቅ ይወዳሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሠራተኛና አሠሪ ሲኳረፉ፣ የክፍል ጓደኛሞች በምንጣፍ ቦታ ሲናከሱ እሳቸው አሉ። ሳዑዲ ፊት የሚያስደምጥ ዓረብኛ ስላላቸው ብዙ ከፊሎች ያውቋቸዋል፣ ያከብሯቸዋልም፤ የኔውም አንዱ ነበር። አንድ ቀን መጡና ፍራሼ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከሰውየው ጋር ላስታርቅህ ነው» አሉኝ።

«መቼ ተጣላንና?»

«ተኳርፋችኋል።»

«ጋሼ፣ እጄ እኮ ነው የተቆረጠው! ይሄ ኩርፊያ ነው?»

«አውቃለሁ ወንድሜ። ለሱ ስል እኮ ነው። ሳይታረቁ ካሳ አይወራም።»

እውነታቸውን ነበር፤ ቢያንስ እኛ አገር። እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያ የተበደለው ተነስቶ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። የበደለው ፊቱ ይፈታል፣ ሰው ሁሉ ይመርቃል፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተደላድለው ተቀምጠው ካሳውን ይቆርጣሉ። ይቅር ስላለ ካሳውን ያጣ ሰው አላውቅም፤ እንዲያውም ቀድሞ ይቅር ላለው ሽማግሌ ያደላለታል። ስለዚህ ደሜ እየፈላም ቢሆን እሺ አልኩ።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። በሳቸው መንደር ደም የፈሰሰበት ነገር የሚታረቀው ደሙ በፈሰሰበት ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የተባለ ይቅርታ አይጸናም አሉ። በስንት ሕመም የወጣሁበት ወርሻ ውስጥ፣ እጄን የበላው ማሽን አጠገብ ቆሜ ይቅር እንድል ነው የሚፈልጉት። «እንደዚህማ አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ፤ የመንደራቸውን ሥርዓት ከጀመሩ አንዲት ነገር አያጎድሉም።

አርብ ቀን፣ ሥራ በሌለበት፣ ወርሻው ተከፈተ። ጋሼ አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዘው መጥተዋል፤ በአንድ ቤት ወጥ ቤት ሆነው የሚሠሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ወንበሮቹን ማሽኑ ዙሪያ ደረደሯቸው። የምላጩ መከለያ አሁንም አልተመለሰም። ከፊሌ በነጭ ጀለቢያው፣ ሽቶው ከሩቅ እየሸተተ መጣ። ጋሼ ብዙ ምርቃት ያለበት ረጅም ዓረብኛ ተናገሩ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ጋሼ ተረጎሙ። ከፊሌ ብድግ ብሎ ግራ እጄን ጨበጠና «ኸላስ! ተናዘል!» አለ። ኸላስ አለቀ ነው፤ ተናዘል ደግሞ መብቱን ተወ ማለት ነው። አንድ ካርቶን ቴምር ለሁላችን አካፈለ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እያወራ ወጣ፣ የመኪናው ድምፅ ራቀ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ካሳው ሊጀመር ነው ብለው ሻርፓቸውን አስተካክለው ነበር።

«የት ሄደ?» አሉ።

«ቤቱ ነዋ!» አልኳቸው። «አስታረቁን አይደል? ቤቱ ገባ!»

ከዚያ ወዲያ ከፊሌ ደውሎ የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ይመታልሃል፣ ትኬት አለህ፣ አገርህ ግባ። ጋሼ ስለ ካሳው ደጋግመው ደወሉለት። «ሼህ፣ እርስዎ ፊት ይቅር ብሎኝ የለ? ምን ቀረ?» አላቸው። ወደ ክፍሌ መጥተው ሲነግሩኝ ፍራሼ ጫፍ ላይ ለመቀመጥ ፈርተው በር ላይ ቆሙ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኳቸው። «አንተ ነህ አፌን ያሰርከው፣ አንተው ፍታው!»

የመድኑን ነገር የሰማሁት የእጄን እንቅስቃሴ ሊያሠሩኝ ከምሄድበት የሆስፒታሉ ክፍል ነው። እዚያ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ፓኪስታናዊ እግሩን በሥራ ላይ የተጎዳ ነበር። ተእሚናት የሚባል የመንግሥት መድን እንዳለ፣ አሠሪ ለሠራተኞቹ እንደሚከፍልበት፣ የጡረታው ክፍል ለዜጋ ብቻ ቢሆንም በሥራ ላይ አካሉ ለጎደለ ግን የውጭ ሰውም ካሳ እንደሚያገኝ ነገረኝ። እሱም ሂደቱን ጨርሶ ነበር። ልቤ ዘለለች። ወዲያው ደግሞ ጥያቄውን ጠየቀኝ፤ «ኢቃማህ ምን ይላል?» የቤት ሹፌር አልኩት። ከንፈሩን መጠጠ። የቤት ሠራተኛ እዚያ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ ነገሬ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ወደቀ፤ እጄ ሲቆረጥ የወርሻ ሠራተኛ እንደነበርኩ ማሳመን። ካሳመንኩ ካሳዬን ይዤ አገሬ እገባለሁ። ካላሳመንኩ በአንድ እጅ ምን ሠርቼ እንደምበላ እንጃ።

ጠበቃ ያስፈልገኝ ነበር። የኔ ዓረብኛ የወርሻ ዓረብኛ ነው፤ «አምጣ፣ ቁረጥ፣ ያላ ቶሎ በል» ከሚለው አያልፍም። በዑድ ካለነው ሁሉ ጠበቃ ፊት ሊያወራ የሚችል ጋሼ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የማልፈልጋቸውን ሰው ከፊት እያስቀደምኩ ጠበቃ ፍለጋ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናወራም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ትርጉማቸው ነበር። ጋሼ ያልተቀባባ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ «ላ»፣ እምቢ ማለት፣ ሲሉ እንኳ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔ «ሌባ ነው፣ ውሸታም ነው በሉልኝ» ስል እሳቸው «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ይህ ልጅ አሠሪውን እንደ አባቱ ያያል፣ ትንሽ አለመግባባት ግን አለ» ይላሉ። ዓረብኛዬ ይህን ለመረዳት ይበቃል። «እንደ አባቱ ያያል በሉ ማን አለዎት?» እያልኩ በአማርኛ እጮሃለሁ፣ እሳቸውም ጩኸቴን ሳይቀር «አመሰግናለሁ ይላል» ብለው ያስተላልፋሉ። ጠበቃው የማን ልቅሶ እንደሆነ ግራ ገብቶት ሁለታችንን ያየናል።

የመጀመሪያው ጠበቃ ቢሮ የቆዳ ወንበርና መስታወት የበዛበት ነበር። ሰውየው ኢቃማዬን አየ፣ «የቤት ሹፌር» የሚለው ላይ ጣቱን አደረገ፣ መለሰልኝ። ነገሩ ያለቀው ሻዩ ሳይመጣ ነው።

ሁለተኛው ሻይ አስመጣ፣ ሰማን፣ የምሥራችም መሰለኝ። ወርሻው የከፊሉ ከሆነ፣ የሚመሰክርም ካለ ይቻላል አለ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማንም ሳይጠይቃቸው «አንድ ነገር አለ» አሉ። «ይቅር ብሎታል። እኔ ነኝ ያስባልኩት።» ጠበቃው እስክሪብቶውን ከደነ። ይቅር ካለ ምን ልሠራ ነው፣ ኸላስ፣ ሂዱ አለን።

ደረጃው ላይ ልመታቸው ምንም አልቀረኝም። «ማን ጠየቀዎት? ለምን ይነግሩታል?»

«ጠበቃ አይደለም እንዴ? ለሱ ያልነገርነውን ለማን ልንነግር ነው?»

«ዝም ማለት አያውቁም?»

«እኔ ዋሽቼ አላስታረቅኩም፣ ዋሽቼም አላጣላም» አሉኝ። እስከ ዑድ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ እሳቸው አውቶቡስ ያዙ።

ክፍሌም ቢሆን ሰላም አልነበረም። ጠበቃ መፈለጌን አትክልተኛውና ግመል ጠባቂው ሰሙ። መርማሪ ወርሻው ከመጣ እነሱም ከወረቀታቸው ውጪ ሲሠሩ መያዛቸው ነው፤ በዚያ በፍተሻው ሰሞን ደግሞ መያዝ ማለት ተርሂል፣ ወደ አገር መጫን ነበር። «ያንተ እጅ ላይመለስ የኛን እንጀራ ልትቆርጥ ነው?» አለኝ ግመል ጠባቂው። በጨርቅ ጠቅልሎ ሹመይሲ ያደረሰኝ እሱ ነው። ሸሚዜን የሚቆልፍልኝም እሱ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ቁልፍ አልነካልኝም። አንድ ቀን ከሐኪም ስመለስ ፍራሼ ኮሪደር ላይ ወጥቶ አገኘሁት። እዚያው ተኛሁበት። ጠላኋቸው፤ እነሱም ቢሆኑ እውነት ነበራቸው፣ እኔ ግን ያኔ የሰው እውነት የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ሦስተኛውን የሕግ ሰው ያገኘነው እዚያው ባዲዓ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ነው። ቢሮው የአንድ ሳዑዲ ጠበቃ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ሱዳናዊ ነበር፤ ወፍራም፣ ተነጫናጭ፣ ስንገባ ፉል እየበላ ቀና ብሎ እንኳ ያላየን። ጋሼ «አላህ ዕድሜዎን…» ብለው ሲጀምሩ «ሼህ፣ ዕድሜዬን ለራሴ ተዉልኝ። ልጁ ምን ሆነ?» አላቸው። ወዲያው ወደድኩት።

ነገርነው። የይቅርታውን ነገር ጋሼ እንደ ልማዳቸው አወጡት፤ እኔ እንደ ልማዴ ራሴን ያዝኩ። ሱዳናዊው ግን ዳቦውን ማጥቀሱን አላቆመም።

«ይቅር ያልከው ማንን ነው?» አለኝ በቀጥታ።

«ከፊሌን።»

«ተእሚናት የከፊልህ የአባቱ ቤት ነው? መድኑ የመንግሥት ነው። ሰውየውን ይቅር አልክ እንጂ መድኑን አላልክም፤ ብትል እንኳ አይሰማህም።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ። «የት ነው ይቅር ያለው? ቤቱ ሄዳችሁ?»

«የለም» አሉ ጋሼ፣ በኩራትም ጭምር። «ወርሻው ውስጥ። ማሽኑ አጠገብ ነው ያቆምኳቸው። በኛ ዘንድ ደሙ ከፈሰሰበት ሌላ ቦታ አይሆንም።»

ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። «ድገሙልኝ እስቲ» አላቸው። ደገሙለት። ሱዳናዊው ፉሉን ወደ ጎን ገፋና እጁን ጠረገ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ወረቀት አወጣ።

የመጀመሪያ ሥራው ከፊሌ «ጠፋብኝ» ብሎ ሳያመለክትብኝ አቤቱታዬን ማስገባት ነበር፤ ሁሩብ የሚሉት እሱ ከቀደመ ሰሚ የለኝም። ከዚያ አንድ ነገር አስጠነቀቀን። «ስለ ይቅርታው እናንተ አታንሱ። ከተጠየቃችሁ አትዋሹ፣ ግን አታንሱ። ሼህ፣ በተለይ እርስዎ!» ጋሼ ቅር እያላቸው እሺ አሉ። እኔ በይቅርታዬ ያፈረ መስሎኝ ነበር፤ ለምን እንዳለ አልጠየቅኩትም።

ልንወጣ ስንል ጋሼን «ለመሆኑ እርስዎ ይህን ሁሉ ዘመን በር ጠብቀው መጨረሻው ምንድነው? ማን ይጦርዎታል?» አላቸው። ጋሼ ሳቁ። «የኔን ተወው፣ የሱን እይለት» አሉ። ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳውን እየያዙ ነበር። ያን ቀን እንኳ እንዳላዘንኩላቸው ብናገር ደስ ይለኛል፤ አዘንኩላቸው፣ በማዘኔም ተናደድኩ።

ከፊሌና እኔ የመድኑ መርማሪ ፊት የተገናኘነው ከብዙ ቀጠሮና ከብዙ «ቡክራ ና» በኋላ ነው። ቡክራ ነገ ማለት ነው፣ ተብሎ ግን ነገ ሆኖ አያውቅም። መርማሪው ቀጭን፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ የማያነሳ ሰው ነው። ከፊሌ የወንድሙን ልጅ ይዞ መጥቷል። እኔ፣ ሱዳናዊው፣ ጋሼ ባንድ በኩል ተቀመጥን።

«ይህ ሰው የቤቴ ሹፌር ነው» አለ ከፊሌ። «የወርሻዬን በር አያውቀውም።»

«መንጃ ፈቃዱ የታለ?» አለ መርማሪው።

«ገና አላወጣሁለትም።»

ሱዳናዊው ሳቅ ብሎ «ቤተሰቡን ይህን ሁሉ ጊዜ በእሽኮኮ ነው ያደረሳቸው?» አለ። መርማሪው ፈገግ አለ። ከፊሌ ግን አልተረበሸም። «እስኪያወጣ አትክልት ያጠጣልኝ፣ ሣር ያጭድልኝ ነበር። የተቆረጠውም በሣር ማጨጃው ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት ይኸው» አለና አስቀመጠው። ወረቀቱ እውነትም ቤት ውስጥ ይላል፤ ራሱ ያስጻፈው ነው። መርማሪው አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መተየብ ጀመረ። ልጆቹ አይመሰክሩልኝም። ሱዳናዊው ጥፍሩን ያያል። የእያንዳንዱ ፊደል ድምፅ ይሰማኛል። ሰማይ ተደፋብኝ፣ ሁሉም ነገር ሲያመልጠኝ ታየኝ።

ትዕግሥቴ አለቀና ብድግ ብዬ የተቆረጠውን እጄን ከፊሌ ፊት ላይ ዘረጋሁ። «ከዛብ!» አልኩት። ውሸታም ማለት ነው፤ ይህችን ቃል ያለ አስተርጓሚ አውቃታለሁ። ጋሼ ደንግጠው «ልጁ በአክብሮት ሲያስታውስ…» ብለው ማለዘብ ጀመሩ። ከፊሌ ግን ሰምቶኛል። ፊቱ ቀላ፣ እሱም ተነሳ።

«እኔ ነኝ ውሸታም? አንተ አታፍርም? ማሽኑ አጠገብ ቆመህ ስለ እጅህ ይቅር ብለኸኝ፣ እጄን ጨብጠህ፣ ቴምሬን በልተህ! ይኸው ሽማግሌው ምስክሬ ነው፣ ይጠየቅ!»

የኮምፒውተሩ ድምፅ ቆመ። መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«የትኛው ማሽን?» አለ።

ከፊሌ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የወንድሙ ልጅ ጀለቢያውን ጎተት አደረገው። ሱዳናዊው እጆቹን ሆዱ ላይ አቆላልፎ ጣሪያውን ያያል፤ ይህን ነበር ሲጠብቅ የከረመው። መርማሪው ወደ ጋሼ ዞረ። «ሼህ፣ ምስክሬ ብሎዎታል። የትኛው ማሽን አጠገብ ነው?»

ጋሼ ከፊሌን አዩት። ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያስታረቁትን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲመሰክሩበት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሻርፓቸውን አወረዱና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«የአሉሚኒየም መቁረጫው አጠገብ። የሱ ወርሻ ውስጥ» አሉ። «በኛ አገር ሰው የሚታረቀው ደም የፈሰሰበት ቦታ ላይ ነው። ደሙ እዚያ ባይፈስ ኖሮ እዚያ አላቆማቸውም ነበር። እሱም ያውቃል፤ ወርሻውን የከፈተልኝ እሱ ነው።»

ምርቃት አልነበረበትም። መርማሪው ቀድሞ የጻፈውን አጠፋና እንደ አዲስ መተየብ ጀመረ።

ወርሻው ታየ፣ የመከለያው መነቀል ታየ። ጉዳቴ የሥራ ላይ ጉዳት ነው ተባለና ወደ ሐኪሞቹ ኮሚቴ ተላኩ፤ ከቀኝ እጄ የተረፈውን አገላብጠው አይተው የጎደለኝን ወሰኑ። ካሳው ተፈቀደልኝ። ልጆቹ ደግሞ የፈሩት ተርሂል አልደረሰባቸውም። ከፊሌ በታዘዘው መሠረት የሁለቱንም ወረቀት ወደ ወርሻ ሠራተኛ አዛወረ፣ መድን ውስጥም ገቡ። ግመል ጠባቂው ዛሬም አያናግረኝም።

የተጎዱት ጋሼ ናቸው። ከፊሎቹ ዘንድ ወሬው ቶሎ ደረሰ፤ «ያስታረቀውን አሳልፎ የሚሰጥ» አሏቸው። የሚጠራቸው ጠፋ። ያገራችን ሰው ሲጣላም ወደ ሌላ ሽማግሌ መሄድ ጀመረ። ከሕንፃው በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፣ ፍራሼ ጫፍ ላይ መጥተው መቀመጥ ግን ትተዋል። እኔም ኑ ተቀመጡ አላልኳቸውም።

የመጨረሻውን ፊርማ ለመፈረም ወደ መድኑ ቢሮ ስሄድ ጋሼ አብረውኝ ነበሩ። ጨርሰን ስንወጣ ከፊሌን ኮሪደሩ ላይ አገኘነው። ለቅጣቱ ተጠርቶ ነበር የመጣው። ብቻውን ነው፣ ሽቶውም አልሸተተኝም። ሊያልፈን ነው ስል ቆመ። የተቆረጠውን እጄን አየ፤ ማሽኑ አጠገብ የቆምን ቀን እንኳ አላየውም ነበር።

«ሳሚሕኒ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ጋሼ ግን «ይቅር በለኝ ነው የሚልህ» ብለው ተረጎሙልኝ። ቃል አልጨመሩበትም፣ አላሰማመሩትም። ከልቡ ይሁን ቅጣቱ ይቀልለኛል ብሎ አላውቅም፤ ግድም አልነበረኝም። ወደ ጋሼ ዞርኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሁሉ «እሺ በል» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁንም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉኝም። ያን አርብ «ይቅር ብያለሁ» ያልኩት ለካሳው ስል ነበር። አሁን ካሳዬን ይዣለሁ፣ የሚያስገድደኝ የለም።

«ይቅር አልልህም በሉልኝ» አልኩ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» የሚለው አሁን ይመጣል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ወደ ሰውየው ዞሩ፣ ዓይኑን አዩት።

«ላ» አሉት።